ወደ ቦንጋና ወደ ቢታ ገነት የሚጓዝ ነጋዴ በተመጣጣኝ ዋጋ ስለሚመገብበት ዘዴ

ማርና ኮረሪማ፣ ቡናና ጥምዝ ለመግዛት ወደ ካፋ የሚጓዝ ነጋዴ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሸቀጡን ዋጋ፣ የመኪናውን ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጁን ክፍያ አጥብቆ ይመረምራል። ስለ ምግቡ ግን ሰው ባለበት አገር እህል አይታጣም ብሎ ሳያስብበት ይነሣል። ከጉዞው ተመልሶ መዝገቡን በሚዘጋበት ጊዜ ትርፉን ካሰበው አንሶ ሲያገኘው በገበያው ላይ ያሳብባል እንጂ በየመንገዱ የከፈለውን የምሳና የእራት ሒሳብ መለስ ብሎ አይቆጥርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ከአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ ባለሱቅ ከረዳቱ ጋር ለ5 ቀን ተጉዞ 200 ኪሎ ማር ገዛ ተብሎ ይታሰብ። የግዢውና የማጓጓዣው ወጪ ተቀንሶ በየኪሎው 40 ብር ቢተርፈው ጠቅላላ ትርፉ 8,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች በቀን 3 ጊዜ ሲመገቡ በ5 ቀን ውስጥ 30 ገበታ ይቀርብላቸዋል። በእያንዳንዱ ገበታ ላይ ያለአግባብ የተከፈለው ብልጫ 80 ብር ብቻ ቢሆን ድምሩ 2,400 ብር ይደርሳል፤ ይኸውም የ60 ኪሎ ማር ትርፍ ማለት ነው። ስለዚህ ከ200 ኪሎው ውስጥ 60ው ኪሎ የተገዛው፣ የተጫነውና የተሸጠው በየምግብ ቤቱ ለሚቀር ገንዘብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ለማዳን ርካሽ ምግብ ማሳደድ መፍትሔ አይደለም። በርካሽ ተመግቦ ሁለት ቀን የታመመ ነጋዴ የገበያውን ቀን ያሳልፋል፤ ኪሳራውም ከዳነው ገንዘብ ይበልጣል። ትክክለኛው ዘዴ ነጋዴው በሸቀጥ ላይ የሚሠራበትን ዕውቀት በገበታውም ላይ ማዋሉ ነው። አንድ ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ስንት የማጓጓዣ ወጪ እንደተሸከመ፣ ወቅቱ መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚበዛና በምን ሚዛን እንደሚሸጥ የሚጠይቅ ሰው ስለ ምሳውም ይህንኑ ቢጠይቅ እምብዛም አይታለልም።

የታጠረ ገበያና ያልታጠረ ገበያ

በልዩ ልዩ አገር በአጥር የተከበቡ ታላላቅ የመዝናኛ ሥፍራዎች ይገኛሉ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድ ከእነዚህ እጅግ የታወቀው ነው። በአዲስ አበባም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። በጠቅላላው እንዲህ ባሉ ሥፍራዎች የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የገባ ጎብኚ፣ በተለይም ልጆች ያስከተለ፣ ሲርበው ወጥቶ ሌላ ምግብ ቤት ለመፈለግ አይመቸውም። ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ፣ መውጫው ሩቅ በሆነበት ስፍራ ዋጋ ከፍ ማለቱ የታወቀ የንግድ ሕግ ነው። በዚህም ምክንያት አስተዋይ ጎብኚ ከመግባቱ በፊት ጠግቦ ይገባል፤ ወይም የተፈቀደ እንደሆነ ስንቅ ይይዛል፤ አለዚያም ሰው ሁሉ ከሚሰለፍበት የምሳ ሰዓት አስቀድሞ ይመገባል።

የካፋ አገር አጥር የለውም። ደኑን፣ ፏፏቴውን፣ በቦንጋ የሚገኘውን ብሔራዊ የቡና ሙዚየምና በውሽውሽ ያለውን የሻይ እርሻ ለማየት የሚመጣ ሰው በፈለገበት መመገብ ይችላል። የካፋ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገበ፣ ቦንጋም በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ለንግድ ከሚመጣው ሌላ ለስብሰባና ለጉብኝት የሚመጣም እንግዳ አለ። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የንግዱን ጉዞ ከሽርሽር ጋር የሚያዛምድ ነጋዴም አይጠፋም። በዚህ አገር መንገደኛውን የሚያጥረው ግንብ ሳይሆን ረኃብና አለማወቅ ነው። እጅግ ርቦት፣ መሽቶበትና አገሩን ሳያውቅ የደረሰ ሰው በአጥር ውስጥ እንዳለ ጎብኚ ያገኘውን በተባለው ዋጋ ይበላል።

ስለ መንገዱ

ከአዲስ አበባ በወልቂጤና በጅማ በኩል እስከ ቦንጋ ያለው ርቀት 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህም ውስጥ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጅማ ወዲያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል።

ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው ወልቂጤ ሲደርስ ለቁርስ ይመቸዋል። ከተማዋ የጉራጌ አገር በመሆንዋ ቆጮና አይብ፣ ጎመንና ክትፎ በሰፊው ይገኛል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ቆላ ስለሚወርድ ቁርሱን ያሳለፈ መንገደኛ በሙቀትና በረኃብ ተጨንቆ የመጀመሪያውን ያገኘውን ምግብ ለመብላት ይገደዳል። ጅማ ምግብ ቤት የበዛባትና ዋጋም የሚወዳደርባት ታላቅ ከተማ ስለሆነች ዋናውን ምግብ በእርሷ መመገብ ይበጃል። ምግብ ቤት የበዛበት ከተማ ሻጮች የሚፎካከሩበት ገበያ ነውና መራጩ ገዢው ነው።

መኪናው የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው ሾፌሩ በሆነ ጊዜ ነጋዴው ልብ ማለት ይገባዋል። የጭነት መኪና ሾፌሮች በብዛት የሚቆሙበት ምግብ ቤት አብዛኛውን ጊዜ መልካም ነው፤ ሾፌር በየሳምንቱ ተመላላሽ ደንበኛ ስለሆነ ያልተመቸውን ቤት ይተዋል። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚወርድበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ለማያየው እንግዳ የሚያበስል ነው። በተመላላሽ ደንበኛና በአላፊ ገዢ መካከል ያለውን ልዩነት ከባለሱቅ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ከሰሜን ተነሥተው እስከ ቦንጋ ገበያ በሚዘልቁበት ዘመን በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ሳይዙ አይወጡም ነበር። ዛሬም ይህ ጥበብ አላረጀም። የካፋ አገር ዝናም ብዙ ወራት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በተለይም በክረምት ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል መኪና በጭቃ ተይዞ ግማሽ ቀን ሊውል ይችላል። ጥቂት በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ ሰው መኪናው እስኪወጣ ድረስ በዕርጋታ ይጠብቃል፤ መሽቶበት በደረሰበት ከተማም ዋጋ ሳይጠይቅ ለመብላት አይጣደፍም።

የቅርብ ምግብና የሩቅ ምግብ

ቦንጋ ሲደረስ ነጋዴው ሁለት ዓይነት ገበታ ያገኛል። አንደኛው ለሥራ ጉዳይ ለመጣ እንግዳ በሆቴል የሚዘጋጀው ነው፤ በዚህም ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ውሃ፣ ለስላሳ መጠጥና ቢራ ይቀርባል። ሁለተኛው በገበያው አካባቢ ባሉ አነስተኛ ምግብ ቤቶች የሚገኘው የአገሩ ምግብ ነው፤ ይኸውም ከእንሰት የተዘጋጀ ቆጮና ቡላ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ጎደሬ፣ አይብና በኮረሪማና በጥምዝ የተቀመመ ወጥ ነው።

የሁለቱ ዋጋ የሚለያይበት ምክንያት ለነጋዴ ሥውር አይደለም። ፓስታውና የታሸገው ውሃ ከሩቅ ፋብሪካ ተጭነው፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ እጅ አልፈው የደረሱ ናቸው። እንሰቱ ግን ከጓሮ ተቆርጦ፣ ጎመኑ ከደጅ ተቀንጥሶ፣ ኮረሪማው ከደን ተለቅሞ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዋናው መንገድ በራቁ መጠን ከሩቅ የመጣው ምግብ እየተወደደ ይሄዳል፤ የአገሩ ምግብ ግን በባለቤትነቱ ቦታ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ከቦንጋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው የቢታ ወረዳ ከተማ በቢታ ገነት ይበልጥ ጎልቶ መታየቱ አይቀርም። እስከዚያ ድረስ የሚሄድ እያንዳንዱ ጠርሙስና እያንዳንዱ ካርቶን የተጨማሪውን መንገድ ኪራይ ይሸከማል። በአዲስ አበባ የለመደውን ምግብ በቢታ ገነት የሚጠይቅ ሰው ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ይከፍላል። የቦታውን ምግብ የሚጠይቅ ሰው ግን ከምንጩ እንደሚገዛ ነጋዴ ነው። ማር ከአምራቹ እጅ ለመግዛት ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው ምሳውንም ከምንጩ መግዛት ሊከብደው አይገባም።

ቆጮ ለማያውቀው ሰው መራራቅ ሊያሳድርበት ይችላል። እንሰቱ ተፍቆ በጉድጓድ ውስጥ ከተብላላ በኋላ በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ የሚጋገር ስለሆነ የራሱ የሆነ ጠረንና ኮምጣጣነት አለው። ጀማሪ ለሆነ እንግዳ በጎመንና በአይብ ትኩሱን መቅመስ ይሻለዋል። ቆጮ በሆድ ውስጥ ስለሚቆይ በማለዳ የበላው ሰው እስከ ቀትር በኋላ ሳይርበው ገበያውን ይውላል፤ ይህም ራሱ ቁጠባ ነው።

ስለ ገበያ ቀንና ስለ ሰዓት

እንደ ቢታ ገነት ባሉ የወረዳ ከተሞች ምግብ የሚበዛው በገበያ ቀን ነው። በዚያን ዕለት ሥጋ ይታረዳል፣ እንጀራው በብዛት ይጋገራል፣ የተሠራውም ወጥ ሳያድር ያልቃል። በሌላው ቀን ግን አንዳንዱ ቤት የሚሠራው ለጥቂት ደንበኛ ብቻ ነው፤ ሳይታሰብ የመጣ እንግዳ ጥቂት ነገር ያገኛል፤ ወይም ለብቻው እስኪሠራለት ይጠብቃል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበት ከተማ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ በስልክ ቢያጣራ ለሸቀጡም ለሆዱም ይጠቅመዋል።

ዋናውን ምግብ በቀትር መብላት ከምሽት ይመረጣል። በቀትር ወጡ ትኩስ ነው፣ ምግብ ቤቶችም ክፍት ናቸው። በምሽት ግን የሚቀረው የምሳ ተራፊ ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴውም ካረፈበት ሆቴል ሌላ አማራጭ አያገኝም።

በቡናው መኸር ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቀመጥ ገዢ ደግሞ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር በኮንትራት መመገብ ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ምግብ፣ በስንት ብር እንደሆነ አስቀድሞ ተነጋግሮ በሳምንት መክፈል ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ይህ በጅምላ እንደመግዛት ነው፤ ምግብ ቤቱ የታወቀ ገቢ ያገኛል፣ ነጋዴውም የታወቀ ወጪ ይይዛል።

ስለ ጾምና ስለ ፍስክ

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ብዙ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ይሠራሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ድንቹ በአንድ ትሪ የሚቀርብበት በያይነቱ ከሥጋ ወጥ በዋጋ የቀለለ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ በያይነቱ አዝዘው እንጀራ ቢያስጨምሩ ጠግበው ሊነሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጭማሪው እንጀራ በነፃ ወይም በዋጋ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጾም የማይጾምም ሰው ቢሆን በጾም ቀን የጾም ምግብ ቢበላ የሚያተርፍ ነው፤ በዚያን ቀን ትኩስ ሆኖ በብዛት የሚሠራው እርሱ ነውና። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ የተለየ ስለሆነም አብረው የሚጓዙ ነጋዴዎች እምነታቸው ቢለያይ በያይነቱ ሁሉን በአንድ ገበታ ያሰባስባል።

ስለ ዋጋና ስለ ሚዛን

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። በገበያ ለአንድ ፈረሱላ ቡና ረጅም ሰዓት የሚከራከር ነጋዴ በምግብ ቤት ዋጋ መጠየቅን የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ከሁሉ በላይ ጥያቄ የሚያስፈልገው ጥብስ በኪሎ በሚታዘዝበት ጊዜ ነው። ሥጋው የሚመዘነው ጥሬው ስለሆነ ከተጠበሰ በኋላ መጠኑ ይቀንሳል፤ አጥንትም ይኖረዋል። ስለዚህ ሚዛኑን በዓይን ማየት፣ አጥንቱ ስንት እንደሆነ መመልከት፣ የማብሰያ ዋጋ ለብቻው የሚከፈል እንደሆነም መጠየቅ ይገባል።

በትላልቅ ሆቴሎች ደግሞ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ክፍያ ላይሆን ይችላል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ አንዳንድ ሆቴልም የአገልግሎት 10 በመቶ ያክላል። በዝርዝሩ 300 ብር የተባለ ምግብ አገልግሎቱ ሲጨመርበት 330 ብር፣ በዚህ ላይ ታክሱ ሲታሰብ 379 ብር ከ50 ሣንቲም ይሆናል። ዋጋው ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም ብሎ በአንድ ቃል መጠየቅ ከዚህ ግራ መጋባት ያድናል። ደረሰኝ የሚሰጥ ቤት ከሆነ ደረሰኙን ተቀብሎ ለሒሳብ ሠራተኛው ማስረከብ ይገባል፤ ደረሰኝ በሌለበት ትንሽ ቤት ግን ወጪውን በዕለቱ በማስታወሻ መመዝገብ ነጋዴው ቢያንስ ገንዘቡ የት እንደገባ እንዲያውቅ ያደርገዋል። በቴሌብር መክፈል ቢለመድም የስልክ መስመር ሲቋረጥ እንዳይቸገር ዝርዝር ብር በኪሱ ቢይዝ መልካም ነው።

ስለ ንጽሕና

የምግብ ቤት ንጽሕና በቀለሙ ወይም በወንበሩ አይታወቅም። ለእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና መኖሩን፣ ወጡ እየፈላ መውጣቱን፣ ሰው በብዛት ገብቶ መውጣቱን መመልከት ይበቃል። ብዙ ሰው በሚበላበት ቤት ምግብ አያድርም። ጥሬ ሥጋ በጉዞ ላይ መተው ይሻላል፤ የኮሶ ትል የሚገኘው ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነውና። የሚጠጣ ውሃ ያጠራጠረው መንገደኛም በደንብ የፈላ ሻይ ወይም ቡና ቢጠጣ ይመረጣል፤ በቡና አገር የታሸገ ውሃ ብቻ እየገዙ መዋል ከወጪውም በላይ ያስቆጫል።

ስለ ባለምግብ ቤቶቹ

ይህ ሁሉ ሲባል ገበያ ውስጥ ቆጮና ወጥ የምታቀርብ ሴት ላይ ዋጋ ለመጨቆን እንዳይታሰብ ያስፈልጋል። ማገዶ፣ ዘይትና በርበሬ ለእርሷም ተወዷል። የነጋዴው ብልጫ ክፍያ የሚቀረው ከእርሷ እጅ ሳይሆን ከችኮላና ካለመጠየቅ ነው። በተመጣጣኝ ዋጋ መመገብ ማለት ሻጩም የሚኖርበትን፣ ገዢውም የማይጎዳበትን ዋጋ መክፈል ነው።

የየከተማው ምግብ ቤት ባለቤቶችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ዋጋውን ጽፎ በግድግዳ ላይ የሚሰቅል፣ ለአገሩ ሰውና ለእንግዳ አንድ ዋጋ የሚያስከፍል ቤት ተመላላሽ ደንበኛ ያፈራል። ገዢ የሚመላለስበት ከተማ ደግሞ ገበያው ይደራል፤ ገበያው በደራ መጠን ማርና ኮረሪማ ይዞ የሚመጣው ገበሬ ዕቃውን ሳይመልስ ሸጦ ይገባል። አንድ እንግዳ በአንድ ምሳ ተበዝብዞ ቢሄድና በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላ ገበያ ቢያቀና የሚጎዳው ምግብ ቤቱ ብቻ ሳይሆን መላው ከተማ ነው።

በጠቅላላው ወደ ቦንጋና ወደ ቢታ ገነት የሚጓዝ ነጋዴ ስንቅ ይያዝ፤ የገበያውን ቀን ያጣራ፤ ከመራቡ በፊት ይመገብ፤ በቀትር ይብላ፤ የአገሩን ምግብ ይምረጥ፤ ዋጋና ሚዛን ይጠይቅ፤ የከፈለውንም በዕለቱ ይመዝግብ። ይህን ያደረገ ሰው ከጉዞው ሲመለስ ሰውነቱም ሒሳቡም ደኅና ሆኖ ያገኘዋል፤ 60ው ኪሎ ማርም ለቤቱ ይተርፈዋል።